ልጅ ለእናቷ ምጥ ስታስተምር

በአማርኛ ከጥንት ሲነገር የኖረ አንድ ተረት አለ፤ ይኸውም «ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች» የሚለው ነው። ምሥጢሩ ለማንም የተሰወረ አይደለም። አንድ ሰው ያልደረሰበትን ነገር፣ ደርሶበትና ተፈትኖበት ላለፈ ሰው ለማስረዳት ሲነሣ የሚዘለፍበት ቃል ነው። ነገር ግን ክቡር አንባቢ፣ ይህ ተረት ተረትነቱ ቀርቶ የየዕለት ሥራ የሆነበት አንድ ቦታ አለ፤ ያም ቦታ የማዋለጃ ክፍል ነው። በዚያ ክፍል ዕድሜዋ ሃያ ዓመት ገደማ የሆነ፣ ራሷ ወልዳ የማታውቅ ተማሪ ነጭ ጋዋን ለብሳ፣ ሦስትና አራት ልጆች በወለደች ሴት አልጋ አጠገብ ቆማ «አይዞሽ እኅቴ፣ አሁን ግፊ፤ አሁን ደግሞ ዕረፊ» ትላለች። እናቲቱም ትታዘዛታለች።

ይህችን ወጣት እንዲህ ብላ ለማዘዝ ያበቃት ምንድር ነው? ዕድሜዋ አይደለም፤ ልብሷም አይደለም፤ መጽሐፉን በቃሏ መያዟም ብቻውን አይበቃም። የሚያበቃት አንድ ነገር ነው፤ እርሱም ቀደም ብላ በሌሎች እናቶች አልጋ አጠገብ፣ ዐዋቂ አስተማሪ እያያት፣ በእጇ የተማረችው ትምህርት ነው። እንግዲህ በዛሬው ጽሑፍ ይህ የእጅ ትምህርት በዓለምና በሀገራችን እንዴት እንደ ተጀመረ፣ በየት በኩል እንደ ተጓደለ፣ ዛሬም በቦሌና በምሥራቅ አዲስ አበባ ምን ጥያቄ እንዳስነሣ በአጭሩ እንመለከታለን።

በቀድሞ ዘመን በሀገራችን የልምድ አዋላጅ የምትባለው ሴት አብዛኛውን ጊዜ ራሷ ወልዳ ያሳደገች ባልቴት ስትሆን፣ ሙያውንም ያገኘችው ከእናቷ ወይም ከአክስቷ ወይም ከጎረቤቷ ጎን ተቀምጣ በማየት ነበር። መጽሐፍ አልነበራትም፤ መዝገብም አልነበራትም። ጎረቤት ተሰብስቦ «ማርያም ማርያም» እያለ ሲለምን፣ እርስዋ የምጠኛዋን ወገብ ትደግፋለች፤ ልጁን ትቀበላለች፤ እትብት ትቆርጣለች፤ የእንግዴ ልጁም እስኪወጣ ድረስ ትጠብቃለች። ልጁ በደኅና ሲወለድ እልልታ ይሰማል፤ ለአራሷም ገንፎ ይገነፋል፤ ጠያቂውም ሁሉ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ይላል።

«ማረችሽ» የሚለውን ቃል ልብ ይሏል። ምሕረት የሚባለው ከፍርድ ላመለጠ ሰው ነውና፣ ሕዝባችን ወሊድን ምን ያህል የሞት ደጃፍ አድርጎ ይቈጥረው እንደ ነበረ ይህ አንድ ቃል ይመሰክራል። የልምድ አዋላጂቱ ትምህርት አንድ ታላቅ ብልጫ ነበረው፤ ከወላዷ አልጋ ተለይቶ አያውቅም ነበር። አንድ ታላቅ ጉድለትም ነበረው፤ የምታውቀው በዓይኗ ያየችውን ብቻ ነበር። ደም መፍሰሱ ያልቆመላት፣ ወይም ልጁ ተጋድሞባት ምጡ ሁለትና ሦስት ቀን የፈጀባት ሴት ስትገጥማት፣ ከጸሎት በቀር የምትይዘው መንገድ አልነበራትም። የኋላ ዘመን ትምህርት የተቋቋመው ይህን ጉድለት ለመሙላት ነው። ነገር ግን ጉድለቱን ሲሞላ ብልጫውን እንዳይጥል ያሠጋል፤ የዚህ ጽሑፍ ዋና ነገርም ይኸው ነው።

ስለዚሁ ነገር ሌሎች ሕዝቦች ያለፉበትን መንገድ ማየት ይጠቅማል። በፈረንሳይ ሀገር እ.ኤ.አ. በ1759 ንጉሥ ሉዊ 15ኛ ዱ ኩድሬ ለምትባል አዋላጅ በየጠቅላይ ግዛቱ እየዞረች የገጠር ሴቶችን እንድታስተምር ፈቃድ ሰጧት። ይህች ሴት እስከ 1783 ድረስ ከ20 ዓመት በላይ በመዞር አስተማረች። ተማሪዎቿ አብዛኞቹ ማንበብ የማይችሉ ስለ ነበሩ፣ ከጨርቅና ከቆዳ የእናት ዳሌና የሕፃን አምሳያ ሠርታ፣ እጃቸውን በዚያ ላይ ታለማምዳቸው ነበር። የሐሳቡ ብልህነት ግልጽ ነው፤ የጀማሪ እጅ መሳሳቱ ካልቀረ፣ መጀመሪያ የሚሳሳተው በጨርቅ ላይ ይሁን፤ በሰው ላይ አይሁን ማለት ነው። ዛሬ በኮሌጆቻችን የመለማመጃ ክፍሎች ከጎማ የተሠሩት የእናትና የሕፃን አምሳያዎች የዚያች ሴት የልጅ ልጆች ናቸው።

ሁለተኛው ምሳሌ ከቪዬና ከተማ ነው። በዚያ በነበረው ታላቅ ሆስፒታል ሁለት የማዋለጃ ክፍሎች ነበሩ፤ በአንደኛው የሕክምና ተማሪዎች፣ በሁለተኛው የአዋላጅነት ተማሪዎች ይማሩ ነበር። በሕክምና ተማሪዎች ክፍል በወሊድ ትኵሳት የሚሞቱት እናቶች ከሌላው ክፍል እጅግ ይበዙ ስለ ነበር፣ ነፍሰ ጡሮች ወደ አዋላጆቹ ክፍል እንዲገቡ እያለቀሱ ይለምኑ ነበር። ኢግናትስ ዜመልቫይስ የተባለው ሐኪም ምክንያቱን አጥብቆ ሲመረምር፣ የሕክምና ተማሪዎቹ ሬሳ ከሚመረምሩበት ክፍል በቀጥታ ወደ ወላዶቹ እንደሚመጡ ተገነዘበ። እ.ኤ.አ. በግንቦት ወር 1847 ማንኛውም ተማሪ በክሎሪን ውኃ እጁን ሳይታጠብ ወላድ እንዳይነካ አዘዘ። ከትእዛዙ በፊት በነበረው ወር ከ100 እናቶች 18 ያህል ሞተው ነበር፤ በሰኔ ወር ግን የሞቱት ከ100 ሁለት ያህል ብቻ ሆኑ።

ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ቁም ነገር እጅን መታጠብ ብቻ አይደለም። ተማሪን ወደ ወላድ አልጋ ማቅረብ በራሱ በጎ ሥራ ነው ብሎ መተው እንደማይበቃ፣ ይልቁንም የተማሪው መምጣት በሥርዓትና በጠባቂ ካልተመራ እናቲቱን እንደሚጎዳ ያስተምራል። እንግሊዝም እ.ኤ.አ. በ1902 ባወጣችው የአዋላጆች ሕግ ያልሠለጠነና ያልተመዘገበ ሰው በአዋላጅነት ስም እንዳይጠራ ከለከለች። በዘመናችን የአውሮፓ ኅብረት አንድ የአዋላጅነት ተማሪ ከመመረቁ በፊት ምን ያህል መሥራት እንዳለበት በቍጥር ደንግጓል፤ ቢያንስ 100 የእርግዝና ምርመራ፣ በገዛ እጁ ቢያንስ 40 ማዋለድ፣ ቢያንስ 100 አራሶችንና ጤነኛ ሕፃናትን መመርመርና መንከባከብ። ይህን 40 የሚለውን ቍጥር አንባቢ በልቡ ያኑርልኝ፤ ወደ ኋላ እንፈልገዋለንና።

አሁን ወደ ሀገራችን እንመለስ። በኢትዮጵያ የዘመናዊ አዋላጅነት ትምህርት ታሪክ ከአንዲት ወጣት ሴት ሞት ጋራ የተያያዘ ነው። ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ በስደት ዘመን በለንደን በታላቁ የሕፃናት ሆስፒታል የነርስነት ሙያ ተምረው እ.ኤ.አ. በ1939 የምስክር ወረቀታቸውን ተቀበሉ። ከነጻነት በኋላ ወደ ሀገራቸው ተመልሰው፣ አግብተው፣ ወደ ወለጋ ሄዱ። በዚያም በነሐሴ ወር 1934 ዓ.ም. ከወሊድ ጋራ በተያያዘ ችግር ነቀምት ላይ በ22 ዓመታቸው ዐረፉ። የንጉሥ ልጅ ነበሩ፤ የተማሩ ነርስ ነበሩ፤ ይሁን እንጂ በዚያች ሰዓት በዚያ ስፍራ ሊያድናቸው የሚችል ነገር አልተገኘም። ማዕረግም ሆነ የራስ ዕውቀት፣ አጠገብ ያለ የሠለጠነ እጅና የተሟላ ሐኪም ቤት የሚሰጠውን ሊተካ እንደማይችል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አይገኝም።

ለመታሰቢያቸውም በእንግሊዝ ሀገር በሲልቪያ ፓንክኸርስት መሪነት ገንዘብ ተሰብስቦ፣ የልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል በአዲስ አበባ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1951 ተከፈተ። ይህ ሆስፒታል ከአብዮቱ በኋላ የጦር ኃይሎች ሆስፒታል ተብሎ የተጠራው ነው። በእነዚያው ዓመታት የነርሶች ትምህርት ቤቶች በአዲስ አበባ ተቋቁመው ነበር፤ በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅም የጤና መኮንኖችን፣ የኅብረተሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ሠራተኞችን በአንድነት ማሠልጠን ጀመረ። የጎንደር ኮሌጅ ተማሪዎቹን በክፍል ብቻ አላስቀራቸውም፤ በጤና ጣቢያ እየሠሩ፣ ሕዝቡ ከሚኖርበት ስፍራ ድረስ እየሄዱ እንዲማሩ አድርጓል። የኅብረተሰብ ነርሶቹም ትምህርት እናቶችን መንከባከብንና ማዋለድን የሚጨምር ነበር።

በ1951 ዓ.ም. ከአውስትራሊያ ዶክተር ካትሪን ሐምሊን፣ ከኒውዚላንድም ባለቤታቸው ዶክተር ሬጂናልድ ሐምሊን ወደ አዲስ አበባ መጡ። የመጡበትም ጉዳይ በልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል ለነርሶች የአዋላጅነት ትምህርት ቤት ለማቋቋም ነበር። ውላቸው የሦስት ዓመት ነበር። ነገር ግን ወደ 10 ያህል አዋላጆች ብቻ እንደ ሠለጠኑ ትምህርት ቤቱ ተዘጋ። ሐኪሞቹ ግን አልሄዱም። በዚያ ሆስፒታል ደጃፍ ከሩቅ አገር በእግርና በከብት ጀርባ የመጡ፣ ምጣቸው ለቀናት የቆየባቸው፣ ልጃቸው ሞቶ የተወለደባቸው፣ ራሳቸውም በፌስቱላ ሕመም ሽንታቸውን መቈጣጠር ያቃታቸው ሴቶች አገኙና ዕድሜያቸውን ሁሉ ለእነርሱ ሰጡ። እ.ኤ.አ. በ1974 የአዲስ አበባ የፌስቱላ ሆስፒታልን ከፈቱ። ዶክተር ሬጂናልድ እ.ኤ.አ. በ1993፣ ዶክተር ካትሪን ደግሞ በ2020 በ96 ዓመታቸው እዚሁ ሀገራችን ዐረፉ።

ክቡር አንባቢ፣ እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። ፌስቱላ የሚመጣው የሕፃኑ ራስ በእናቲቱ ዳሌ ውስጥ ተቀርቅሮ ለብዙ ሰዓታት፣ ለቀናትም ሥጋዋን ሲጫን ነው። የተጫነው ሥጋ ደም አጥቶ ይሞታል፤ በስፍራውም ቀዳዳ ይቀራል። ስለዚህ ምጡ መዘግየቱን በጊዜው ዐውቃ ወደ ሆስፒታል የምትልክ አንዲት የሠለጠነች አዋላጅ ብትኖር፣ ይህ ሕመም ባልደረሰ ነበር። ትምህርት ቤቱ ተዘጋ፤ ትምህርት ቤቱ ሊከላከለው የነበረው ሕመም ግን ሆስፒታል አስከፈተ። ዶክተር ካትሪን ሐምሊን የመጡበትን የመጀመሪያ ጉዳይ ሳይረሱ እ.ኤ.አ. በ2007 በስማቸው የሚጠራውን የአዋላጆች ኮሌጅ አስጀመሩ። ከመጀመሪያው ዓላማ እስከዚህ ቀን ድረስ 48 ዓመት አልፏል። አንድ ትምህርት ቤት በመዝጋት የሚገኝ ቍጠባ ዋጋው ስንት እንደሆነ ከዚህ መገመት ይቻላል።

ምጥ መዘግየቱን ማወቅ ሲባል ቀላል ይመስላል፤ ግን በእጅና በዓይን የሚለመድ ጥበብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 ሂዩ ፊልፖት የተባለ ሐኪም ከባልደረባው ጋራ ሆኖ በዛሬይቱ ዚምባብዌ ፓርቶግራፍ የሚባለውን ሠንጠረዥ አስፋፋ። የዚህ ሠንጠረዥ ጥቅም ከሆስፒታል ርቃ ብቻዋን የምትሠራ አዋላጅ የማሕፀኑን አፍ መከፈት በየጊዜው በወረቀት ላይ እየነጠበች፣ ነጥቡ የማስጠንቀቂያውን መስመር ሲያልፍ ምጠኛዋን ሳትዘገይ እንድትልክ ማስቻሉ ነው። ከማስጠንቀቂያው መስመር በአራት ሰዓት ርቀት ደግሞ እርምጃ የሚወሰድበት መስመር ተሠምሯል። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ይህን ወረቀት በአዲስ መልክ አሻሽሎ አውጥቶታል። ከአፍሪቃ ማዋለጃ ክፍሎች የተገኘና ዓለም ሁሉ የተቀበለው ጥበብ በመሆኑ ልንኮራበት ይገባል። ነገር ግን ተማሪዋ ይህን ሠንጠረዥ የምትማረው ምጡ ሲጀምር ተገኝታ፣ እስኪፈጸም ተቀምጣ፣ በየጊዜው እየመረመረች ስትሞላው ነው። ልጁ ከተወለደ በኋላ ለፊርማ ብላ የሞላችው እንደሆነ ሥዕል ሣለች እንጂ አዋላጅነት አልተማረችም።

ከዚያ ወዲህ ሀገራችን ብዙ ርቀት ሄዳለች። በ1992 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት በጤና ድርጅት የሚወልዱት እናቶች ከ100 አምስት ያህል ብቻ ነበሩ። ይህ ቍጥር በ2008 ዓ.ም. ወደ 26፣ በ2011 ዓ.ም. ደግሞ ወደ 48 ከፍ ብሏል። በወሊድ ምክንያት የሚሞቱት እናቶች በ1992ቱ ጥናት በ100,000 ሕያው ወሊድ 871 ሲሆኑ፣ በ2008ቱ ጥናት 412 ሆነው ተገኝተዋል። ለዚህ ውጤት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣ የአዋላጆች ማኅበር፣ ከ2002 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ነርሶችን በአንድ ዓመት ትምህርት አዋላጅ ያደረገው የተፋጠነ ሥልጠና፣ እንዲሁም በየክልሉ የተከፈቱት የመንግሥትና የግል ኮሌጆች ሁሉ ድርሻ አላቸው። በብዙ ጤና ጣቢያዎችም ለወላዶች ገንፎ እንዲገነፋና ቡና እንዲፈላ መደረጉ፣ ዘመናዊው ቤት ከባልቴቲቱ ቤት አንድ ቁም ነገር መማሩን ያሳያል።

ይሁን እንጂ ኮሌጅ መክፈትና የመማሪያ አልጋ ማግኘት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ክፍል በሲሚንቶ ይሠራል፤ መጽሐፍ በማተሚያ ቤት ይበዛል፤ ወላድ ግን በትእዛዝ አትበዛም። ይህን ነገር ለመረዳት የከተማችንን ምሥራቃዊ ክፍል እንመልከት።

የአውሮፕላን ማረፊያው በ1950ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ከልደታ ወደ ቦሌ ሲዛወር፣ አካባቢው አብዛኛው የእርሻና የግጦሽ መሬት ነበር። ዛሬ ከመገናኛ እስከ ኮተቤ፣ ከገርጂ እስከ ሰሚት፣ ከሲ ኤም ሲ እስከ አያትና ቦሌ አራብሳ ድረስ ከተማ ሆኗል። ከ1990ዎቹ አጋማሽ በኋላ የተሠሩት የጋራ መኖሪያ ቤቶች ብዙ ሺሕ ወጣት ባልና ሚስት ወደዚህ ወገን አምጥተዋል። ሕዝቡ ከመብዛቱ የተነሣ በ2013 ዓ.ም. ከቦሌና ከየካ ተከፍሎ ለሚ ኩራ የሚባል አዲስ ክፍለ ከተማ ተቋቋመ። ከድሮ ጀምሮ አዋላጆችና ሐኪሞች የሚሠለጥኑባቸው ታላላቅ ማዋለጃዎች ግን፣ ጋንዲ መታሰቢያ፣ ዘውዲቱ መታሰቢያ፣ የካቲት 12፣ ጥቁር አንበሳ፣ ቅዱስ ጳውሎስ፣ በመካከለኛውና በምዕራቡ ወገን ናቸው። በምሥራቁ በኩል ያለው ጥንታዊ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1910 የተመሠረተው ዳግማዊ ምኒልክ ነው። እንግዲህ ወላዶቹ ወደ ምሥራቅ ሄዱ፤ የማስተማሪያ አልጋዎቹ ግን በአመዛኙ በቀድሞ ቦታቸው ቀሩ ማለት ነው።

በ2008ቱ ጥናት መሠረት በአዲስ አበባ ከ100 እናቶች 97 ያህሉ በጤና ድርጅት ወልደዋል። ይህ ደስ የሚያሰኝ ነው። በሌላ በኩል በዚያው ጥናት በከተማችን ከ100 ወሊድ 21 ያህሉ በቀዶ ጥገና ሲሆኑ፣ በመላ ሀገሪቱ ግን ሁለት ያህል ብቻ ነበሩ። ቀዶ ጥገና ሲያስፈልግ ነፍስ አዳኝ ነው፤ ይሁንና አዋላጅ ዋና ሙያዋን የምትማረው በተፈጥሮው መንገድ ከሚፈጸመው ወሊድ ነው። እንዲህ ያለው ወሊድ በብዛት የሚገኘው ደግሞ በየሰፈሩ ባሉት ጤና ጣቢያዎች ነው። ስለዚህ በቦሌ፣ በየካና በለሚ ኩራ ያሉት ጤና ጣቢያዎች ከሕክምና መስጫነታቸው በተጨማሪ እውነተኛ ትምህርት ቤቶች መሆን ይገባቸዋል።

አሁን አስቀድመን በልብ ያኖርነውን 40 ቍጥር እናውጣ። ለምሳሌ ያህል በአንድ ኮሌጅ 40 የአዋላጅነት ተማሪዎች አሉ እንበል። እያንዳንዳቸው 40 እናቶችን ያዋልዱ ዘንድ 1,600 ወሊድ ያስፈልጋል። አንድ ጤና ጣቢያ በወር 100 እናቶች ይወልዱበታል ብለን ብንገምት፣ በዓመት 1,200 ይሆናል። እንግዲህ አንድም ወሊድ ሳያመልጥ ቢሆን እንኳ ለአንድ ክፍል ተማሪዎች 16 ወር ያስፈልጋል። በዚያው ጤና ጣቢያ ሁለትና ሦስት ኮሌጆች ተማሪ ሲልኩ ምን ሊሆን እንደሚችል አንባቢ ራሱ ያሰላው።

ነገሩ በዚህ አያበቃም። እኛ የመንግሥት ሠራተኞች ጧት ገብተን ማታ ስንወጣ፣ በሳምንት የምንሠራው ሰዓት 40 ያህል ነው። ሳምንቱ ግን 168 ሰዓት አለው። ምጥ የቢሮ ሰዓት አያውቅም፤ የእሑድ ዕረፍት የለውም፤ በዓልም አያከብርም። ወሊዱ በሰዓቱ ሁሉ እኩል ይደርሳል ብንል፣ በቢሮ ሰዓት ብቻ የምትመጣ ተማሪ ልታገኘው የምትችለው ከአራት እጅ አንዱን እንኳ አይሞላም። ከላይ ከገመትነው 1,200 ወሊድ በቢሮ ሰዓት የሚውለው 286 ያህል ብቻ ይሆናል። ይህም ለሰባት ተማሪዎች ይበቃል፤ ለ40 ግን አይበቃም። የቀሩት ወሊዶች ሁሉ ተማሪዎቹ በየቤታቸው ተኝተው ሳለ ይፈጸማሉ።

ታዲያ ተማሪዋ በሌሊት ለምን አትገኝም? ስንፍና አይደለም። ከአያት ወይም ከጎሮ ወጥታ በሌሊት የምትሄድበት ታክሲ አታገኝም፤ ብታገኝም ያሠጋታል። ደርሳም የምታርፍበት ክፍልና የምትበላው ራት ላይኖር ይችላል። አስተማሪዋም ደመወዙ የቀን ሥራ ደመወዝ ነውና በሌሊት አብሯት አይገኝም። በሌሊቱ ተረኛ የሆነችው አዋላጅ ምጠኞቹን ትጠብቃለች እንጂ ተማሪ እንድታስተምር የተመደበ ጊዜም ሆነ አበል የላት እንደሆነ እንጃ። በጧቱ ሰዓት ደግሞ ተማሪዎቹ በአንድ አልጋ ዙሪያ ሰባትና ስምንት ሆነው ይቆማሉ። አንዷ ትሠራለች፤ ሌሎቹ በትከሻ በላይ ይመለከታሉ። የተግባር መዝገባቸውን የሚሞላ ፊርማ ግን ሁሉም ይሻሉ። ፊርማው የተሟላ፣ እጁ ግን ያልተሟላ ተመራቂ የሚገኘው ከዚህ ነው።

ይህ ነገር ሲቋረጥም ምን እንደሚመስል በቅርቡ አይተናል። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. የኮሮና በሽታ ወደ ሀገራችን በገባ ጊዜ ትምህርት ቤቶችና ዩኒቨርሲቲዎች ለወራት ተዘጉ፤ በምሥራቁ ወገን ያለው የየካ ኮተቤ ሆስፒታልም ለበሽታው ሕሙማን ተለየ። ተማሪዎቹ መጽሐፋቸውን በቤታቸው ማንበብ ቻሉ፤ ትምህርቱንም በስልክና በኮምፒዩተር ሊከታተሉ ይችሉ ይሆናል። የሕፃን ራስ ሲወጣ የሚያዝበትን መንገድ ግን በስልክ የሚማረው የለም። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ለዩኒቨርሲቲ ተመራቂዎች የሚሰጠው የመውጫ ፈተናም መልካም ሥርዓት ነው፤ ነገር ግን የኮምፒዩተር ፈተና ዕውቀትን ይመዝናል እንጂ የእጅን ልስላሴና የልብን ጽናት አይመዝንም።

እስካሁን ስለ ተማሪዎቹ ተናግረናል። በአልጋው ላይ ያለችውን ግን አልጠየቅናትም። ከሁሉ የሚበልጠው ባለጉዳይ እርስዋ ናት። በባልቴቲቱ ዘመን ምጠኛ በዘመዶቿ መካከል፣ መጋረጃ ተጋርዶላት ነበር የምትወልደው። ዛሬ ስሟን የማይጠይቋት፣ ስማቸውንም የማይነግሯት ብዙ ወጣቶች፣ ከእነርሱም ወንዶች ያሉባቸው፣ ዙሪያዋን ሲቆሙ፣ ተራ በተራም ሲመረምሯት፣ ሕመሟ ላይ ኀፍረት ይጨመርባታል። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው መግለጫ ማንኛዋም ሴት በወሊዷ ጊዜ ክብሯ ተጠብቆ የመታከም መብት እንዳላት አስታውቋል። ወንድ አዋላጅ መኖሩ ነውር አይደለም፤ ተማሪ መኖሩም ነውር አይደለም፤ ነውሩ ሳይጠይቋት መንካት ነው። «እኅቴ፣ ስሜ እገሌ ይባላል፤ ተማሪ ነኝ፤ አስተማሪዬ አጠገቤ ሆነው ልመርምርሽን?» ማለት ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። እናቲቱም እንዲህ ሲሏት አብዛኛውን ጊዜ እሺ ትላለች፤ እምቢ ብትልም መብቷ ነው። ይህን ጥያቄ መጠየቅ ከሙያው ውጭ የሆነ ጨዋነት መስሎ የሚታየው ካለ ተሳስቷል፤ የሙያው የመጀመሪያ ምዕራፍ ነውና።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ለዚህ ጥያቄ መልሱ በሩቅ አገር የሚፈለግ አይደለም። መጀመሪያ ተማሪ በዱ ኩድሬ ሥርዓት በአምሳያ ላይ ሳትለማመድ ወደ ሰው አትቅረብ። ሁለተኛ፣ በምሥራቁ ወገን ያሉት ጤና ጣቢያዎች ለኮሌጆች በቀን መቍጠሪያ ተከፍለው ይሰጡ፤ በአንድ አልጋ ዙሪያ ሰባት የሚቆሙበት ነገር ይቅርና ሁለት ተማሪ ከአንዲት አስተማሪ ጋራ ይመደብ። ሦስተኛ፣ በየተራው የምትሠራዋ አዋላጅ የአስተማሪነት ስም፣ ጊዜና አበል ይሰጣት፤ እርስዋ እውነተኛዋ መምህር ናትና። አራተኛ፣ ለተማሪዎች የሌሊት ተራ ይውጣላቸው፤ ለዚህም መኝታ ክፍል፣ ራትና ማመላለሻ መኪና ይዘጋጅ። አምስተኛ፣ የተግባር መዝገቡ ፊርማ የሚቈጠርበት ሳይሆን ተማሪዋ ብቻዋን ለመሥራት መብቃቷ የሚመሰከርበት ይሁን።

ክቡር አንባቢ፣ ይህን የጻፍነው ለእርስዎ ያለ ምክንያት አይደለም። የተማሪ ማመላለሻ መኪና የሚፈቀደው፣ የተረኛ አበል የሚጸድቀው፣ አዲስ ኮሌጅ ፈቃድ ሲጠይቅ «አልጋችሁ የት ነው?» ተብሎ የሚመረመረው በቢሮ ነው፤ በእናንተም ጠረጴዛ ላይ በሚያልፍ ወረቀት ነው። በ1950ዎቹ የአዋላጆች ትምህርት ቤት ሲዘጋም እንዲሁ አንድ ወረቀት በአንድ ጠረጴዛ ላይ አልፎ ነበር። ወረቀቱን የፈረመው ሰው በሚቀጥሉት ዓመታት በሆስፒታሉ ደጃፍ የተቀመጡትን ሴቶች በዓይኑ ላያይ ይችላል፤ ሴቶቹ ግን ነበሩ።

ዛሬ ሌሊት በቦሌ ወይም በየካ ወይም በለሚ ኩራ አንዲት ሴት ምጥ ይይዛታል። በአልጋዋ አጠገብ የምትቆመው ወጣት ያን ሰዓት ከዚህ ቀደም ብዙ ጊዜ ያየችና በደንብ የተመራች ከሆነች፣ ልጅ ለእናቷ ምጥ ብታስተምር አያስቅም፤ ያስመሰግናል እንጂ። እርስዋም የምታስተምረው ከሌሎች እናቶች የተማረችውን ነው። እነዚያ እናቶች ደመወዝ ያልተከፈላቸው፣ ስማቸውም በዲፕሎማ ላይ ያልተጻፈ መምህራን ናቸው። የትምህርታቸው ዋጋ ግን የምትወልደው ሴት በሰላም ተገላግላ፣ ጠያቂዎቿ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ሲሏት ይከፈላል።